የአውቶሞቢል አእምሮ ሲታመም

ሰው ሲታመም ወደ ሐኪም ይወሰዳል፤ ሐኪሙም ትኩሳቱን ለክቶ፣ ደሙን መርምሮ፣ የትኛው የአካል ክፍል እንደ ታመመ ለይቶ መድኃኒት ያዝለታል። ጣቱ ቆስሎ ለመጣ ሰው «ክንድህ በሙሉ ይቆረጥ» የሚል ሐኪም የለም። በዘመናችን አውቶሞቢል ላይ ግን ይህን የመሰለ ፍርድ በየጋራዡ ይፈረዳል። ሞተሩ አልነሣም ሲል፣ ካንዴላው ተለውጦ፣ ቤንዚኑ ተጣርቶ፣ ባትሪው ተሞልቶ ሁሉም ከንቱ ሲሆን «ኮምፒውተር ቦክሱ ሞቷል፤ ሌላ ይገዛ» ይባላል። ባለቤቱ ገንዘብ ካለው ይገዛል፤ ከሌለው መኪናዋን ሸራ አልብሶ በግቢው ጥግ ያቆማታል። በዕቁብ ገንዘብ አሮጌ መኪና ለገዛ ዝቅተኛ ደመወዝተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያ ሳጥን ቢከፈት ኖሮ ግን፣ በተለይ መኪናዋ አሮጌ ከሆነች፣ የሞተችው ከትንሽ ጣት ጫፍ የማትበልጥ አንዲት ዕቃ ብቻ ሆና የምትገኝበት ጊዜ አለ። የዚች ዕቃ ዋጋ ከሳጥኑ ዋጋ ጋር ፈጽሞ አይወዳደርም። ስለዚህ ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ፣ ስለምን እንደሚታመም፣ እንዴትስ እንደሚድን ማወቅ ለመካኒክ ብቻ ሳይሆን ለተማሪውም ለመንግሥት ሠራተኛውም የሚጠቅም ነገር ነው።

ሳጥኑ ምን ይሠራል?

የቤንዚን ሞተር ኃይል የሚያገኘው ቤንዚንን ከአየር ጋር አደባልቆ በማቃጠል ነው። ቅልቅሉ በዘፈቀደ የሚሆን አይደለም። አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ከዚህ ሲበዛ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል፤ ሲያንስ ደግሞ ሞተሩ ኃይል ያጣል፣ ከመጠን በላይም ሊግል ይችላል።

ቀድሞ ይህን ቅልቅል የሚያዘጋጀው ካርቡራቶር ነበር። ካርቡራቶር ብልህ መሣሪያ ቢሆንም የአየሩን መለወጥ አያውቅም። ለምሳሌ አንድ መኪና ከጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል ማለት ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በቆላ የተስተካከለው ካርቡራቶር ግን ያንኑ ያህል ቤንዚን መስጠቱን አይተውም፤ ሞተሩም በደጋው አየር ይታፈናል። ስለዚህ የካርቡራቶሩን የቤንዚን ቀዳዳ ማሳነስ የመካኒኩ ፈንታ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ዲ-ጄትሮኒክ የሚባለውን በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ለቮልክስዋገን 1600 አቀረበ። በ1970 የአሜሪካ መንግሥት የአየርን መበከል የሚከለክል ጠንካራ ሕግ ሲያወጣ የመኪና ፋብሪካዎች ሁሉ የመኪናውን ጭስ የሚቀንስ ዘዴ ለመፈለግ ተገደዱ። በ1979 ደግሞ ይኸው ቦሽ ቤንዚን መርጨቱንና እሳት መጫሩን በአንድ ዲጂታል ኮምፒውተር ሥር ያዋለውን ሞትሮኒክን በቢ ኤም ደብሊው መኪና ላይ አዋለው። ከዚያ ወዲህ ካርቡራቶር ቀስ በቀስ ከአዳዲስ መኪናዎች ላይ ጠፋ፤ በቦታውም ይህ የምንነጋገርበት ሳጥን ገባ።

የሳጥኑ ሥራ ሦስት ነው፤ መስማት፣ ማሰብ፣ ማዘዝ። የሚገባውን አየር መጠን፣ የሞተሩን ሙቀት፣ የክራንኩን አዟዟር፣ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን በልዩ ልዩ መለኪያዎች ይሰማል። የሰማውን በውስጡ ከተጻፈለት ሠንጠረዥ ጋር ያስተያያል። ከዚያም ኢንጀክተሩን «ይህን ያህል ክፈት»፣ ቦቢናውንም «አሁን ጫር» ብሎ ያዛል። ፍጥነቱን ለመረዳት አንድ ስሌት እንሥራ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 50 ዙር ይሆናል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚተኩስ፣ በአራቱ ሲሊንደሮች በአንድ ሴኮንድ 100 ጊዜ እሳት መጫር አለበት። ሳጥኑ ይህን ሁሉ የሚሠራው አሽከርካሪው ሙዚቃ እያዳመጠ ሳለ ነው።

ትንሿ የኤሌክትሪክ ሮቶ

በሳጥኑ ውስጥ ብዙ ዓይነት ዕቃ አለ። ከነዚህ ውስጥ እርጅና ቶሎ የሚጫናት ግን ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር የምትባለዋ ናት። መልኳ ትንሽ የጣሳ በርሜል ትመስላለች። ሥራዋን ለመረዳት በቤታችን ጣሪያ ላይ ያለውን የውኃ ሮቶ ማሰብ ይበቃል። የቧንቧው ውኃ አንድ ጊዜ ይበረታል፣ አንድ ጊዜ ይደክማል፣ አንድ ጊዜም ይቋረጣል፤ ሮቶው ግን ሲመጣ አጠራቅሞ፣ ሲጠፋ ያጠራቀመውን እየሰጠ፣ ከታች ያለው ቤተ ሰብ የውኃውን መዋዠቅ እንዳያውቀው ያደርጋል። ካፓሲተርም ለኤሌክትሪክ እንዲሁ ናት። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር 12 ቮልት ገደማ የነበረው የባትሪ ኃይል ወደ 10 ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ግን የማይናወጥ 5 ቮልት ይፈልጋል። በመካከል ቆመው ማዕበሉን ከሚያበርዱት ዋነኛዋ ካፓሲተር ናት።

ካፓሲተሯ ብትከፈት ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች፣ በመካከላቸውም በፈሳሽ የራሰ ወረቀት ተጠቅልለው ይገኛሉ። ይህ ፈሳሽ ኤሌክትሮላይት ይባላል። የበርሜሏ አፍ በላስቲክ ውታፍ ተደፍኗል። እንግዲህ ሌሎቹ የሳጥኑ ዕቃዎች ደረቆች ሲሆኑ እሷ ብቻ እርጥብ ናት ማለት ነው፤ እርጥብ የሆነ ነገርም ወይ ይደርቃል፣ ወይ ይፈሳል።

ስለ መድረቁ መሐንዲሶች የሚመሩበት አንድ ሕግ አለ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር የካፓሲተሯ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል፤ በጨመረ ቁጥር ደግሞ በግማሽ ይቀንሳል። በላይዋ «105°» ተብሎ የተጻፈባት፣ ፋብሪካውም 2,000 ሰዓት የሰጣት ካፓሲተር በ95 ዲግሪ 4,000፣ በ85 ዲግሪ 8,000፣ በ75 ዲግሪ 16,000፣ በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ትሠራለች ተብሎ ይገመታል። በ65 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ በቀን አራት ሰዓት የምትሠራ ብትሆን 22 ዓመት ያህል ትኖራለች። ይህችው ካፓሲተር በቀን 12 ሰዓት በሚሠራ ታክሲ ላይ ብትሆን ግን ሰባት ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ነው የምትቆየው። ስለዚህ የሃያና የሠላሳ ዓመት መኪና በሳጥኗ ብትታመም ሊያስደንቀን አይገባም። ዕድሜዋ በስሌት የታወቀ ዕቃ ጊዜዋን ጨርሳ ነው።

ዓሣ ዓሣ የሚሸተው ሳጥን

ስለ መፍሰሱ ደግሞ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠሩ አንዳንድ ካፓሲተሮች ኤሌክትሮላይታቸው በአዲስ ዓይነት የአሞንየም ጨው የተዘጋጀ ነበር። ይህ ፈሳሽ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን በኔጌቲቩ እግር በኩል የላስቲኩን ውታፍ እየበላ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይወጣል። በዚያን ዘመን የተሠሩት የሚትሱቢሺ ጋላንት፣ ኤክሊፕስና 3000ጂቲ፣ እንዲሁም የመጀመሪያዎቹ ሌክሰስ ኤል.ኤስ. 400 መኪናዎች ኮምፒውተር በዚህ ሕመም በጥገና ሠራተኞች ዘንድ የታወቁ ናቸው።

ምልክቶቹን ልብ እንበል። ቁልፉ ሲዞር መብራት የሚገባት ብጫዋ የሞተር ምልክት ጨርሳ አትበራም፤ ወይም በርታ አትጠፋም። ሞተሩ ጠዋት ብርድ ሳለ አልነሣ ብሎ ቀትር ላይ ይነሣል። ሚኒሞው አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል። ከኢንጀክተሮቹ አንዱ ሥራ ያቆማል። እነዚህ ሁሉ የሌላ ብልሽት ምልክቶችም ሊሆኑ ስለሚችሉ ማስረጃው የሚገኘው ሳጥኑ ሲከፈት ነው። ፈሳሹ የወጣበት ሳጥን ክዳኑ ሲነሣ የዓሣ ሽታ ይሸታል። በካፓሲተሯ ግርጌ ቡናማ እድፍ ይታያል፤ ከሰሌዳው ላይ ያለው ቀጭኑ የመዳብ መስመርም አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ይገኛል። ይህ ፈሳሽ አንዲቷን ካፓሲተር ብቻ ገድሎ አይቆምም፤ የጎረቤቶቿንም መንገድ ይበላል። ስለዚህ ዛሬ ቀላል የነበረው ጥገና ከዓመት በኋላ ከባድ ይሆናል።

ሳይመረምሩ አለመክፈት

ጥሩ ሠራተኛ ሳጥኑን የሚከፍተው በመጨረሻ ነው። በመጀመሪያ የባትሪውን ቮልት ይለካል። ፊውዞቹን ያያል። የሳጥኑ ኔጌቲቭ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር በደንብ መገናኘቱን በቴስተር ያረጋግጣል፤ አንድ የዛገ ቡሎን ሙሉ ኮምፒውተር እንደ ሞተ ሊያስመስል ይችላልና። ኤሌክትሪክ ወደ ሳጥኑ የሚያስገባውን ሪሌ ይፈትሻል። መለኪያዎቹንም አንድ በአንድ ይሞክራል። እነዚህ ሁሉ ደኅና ሆነው ሳለ ሳጥኑ ማዘዝ ካልቻለ ብቻ ጥርጣሬው ወደ ሳጥኑ ይዞራል።

ከዚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀላል። ሳጥኑ ከተሸሸገበት ይወጣል፤ ቦታው በያንዳንዱ መኪና ልዩ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከዳሽቦርዱ በታች ወይም ከሬዲዮው ኋላ ነው። ሠራተኛው ሰሌዳውን በእጁ ከመንካቱ በፊት በሰውነቱ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እንዲወርድ መሬት የነካ ብረት መዳሰስ አለበት። ሹራብ ስናወልቅ የምንሰማት ጠቅ የምትል ብልጭታ ለእኛ ጨዋታ ናት፤ ለስስ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ግን መብረቅ ናት።

የእጅ ሥራው

የመጀመሪያው ሥራ ምንም ሳይነቅሉ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። እያንዳንዷ ካፓሲተር የት እንዳለች፣ ፊቷ ወዴት እንደ ዞረ፣ ምን ቁጥር እንደ ተጻፈባት ይመዘገባል። ከሁሉ የሚበልጠው ፖዘቲቭና ኔጌቲቯን መለየት ነው። በአሉሚኒየሟ ላይ የተሰመረው መስመር የኔጌቲቩን እግር ያመለክታል። ታንታለም በምትባለዋ ሌላ ዓይነት ካፓሲተር ላይ የተሰመረው ግን በተቃራኒው የፖዘቲቩ ምልክት ነው። ይህን ሳያውቅ ገልብጦ የሚበይድ ሰው ኤሌክትሪኩን በለቀቀበት ቅጽበት ዕቃዋ ትግላለች፤ አልፎም ልትፈነዳ ትችላለች። ስለዚህ ዐይንን በመነጽር መከላከል ፍርሃት ሳይሆን ሥርዓት ነው።

አሮጌዋን ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሠራተኞች ሊድ የሚሉት መበየጃ፣ ይኸውም የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል፣ መጠኑ 63 በ37 ሲሆን በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። መበየጃው ብረት ግን ሙቀቱ በፍጥነት እንዲያልፍ ወደ 350 ዲግሪ ይሞቃል። ሊዱ ሳይቀልጥ ካፓሲተሯን እየወዘወዙ መንቀል የመዳቡን መስመር ከሰሌዳው ገንጥሎ ያወጣዋል። ብረቱን ለረጅም ጊዜ ማሳረፍም ሰሌዳውን ያቃጥላል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ የሚያስተምር መጽሐፍ የለም፤ በተጣለ አሮጌ ሬዲዮ ሰሌዳ ላይ ደጋግሞ መለማመድ ነው መምህሩ። በሥራውም ጊዜ መስኮት መክፈት፣ ከሥራውም በኋላ ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል፤ እርሳስ መርዝ ነውና።

ዕቃዋ ከወጣች በኋላ የፈሰሰው ኤሌክትሮላይት በንጹሕ አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል። ይህን ዘልሎ አዲሲቱን መበየድ ቁስልን ሳያጥቡ በፋሻ እንደ መሸፈን ነው። ከዚያም ዝገት የነካቸው መስመሮች በቴስተር ይለካሉ፤ የተቆረጠ ካለ በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል።

የምትገባዋ አዲስ ካፓሲተር አራት ነገር ታሟላለች። የመያዝ አቅሟ፣ ማለት በማይክሮፋራድ የተጻፈው ቁጥር፣ ከቀድሞዋ ጋር እኩል ይሆናል። የምትችለው ቮልት እኩል ወይም የበለጠ ይሆናል፤ ፈጽሞ ማነስ የለበትም። የምትችለው ሙቀት 105 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ቁመቷና ውፍረቷም ክዳኑ እንዲዘጋ የሚፈቅድ መሆን አለበት። አንዷ ከሞተች ደግሞ እኅቶቿ ሁሉ በአንድ ቀን የተወለዱ ናቸውና ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ብልህነት ነው።

ገዳዩን መፈለግ

የሚሞቱት ካፓሲተሮች ብቻ አይደሉም። ቦቢናውን ወይም ትንንሽ ሞተሮችን የሚያዙ ትራንዚስተሮችም ይቃጠላሉ። እዚህ ላይ ነው ዐዋቂና ለማጅ የሚለዩት። ለማጁ የተቃጠለውን ዕቃ ለውጦ ሳጥኑን ይመልሳል፤ አዲሱም ዕቃ በማግሥቱ ይቃጠላል። ዐዋቂው ግን «ማን ገደለው?» ብሎ ይጠይቃል።

ከላይ ባነሣናቸው የሚትሱቢሺ ሞተሮች ላይ የሚኒሞውን አየር የምታስተካክል አንዲት ትንሽ ሞተር አለች። በውስጧ ያሉት የሽቦ ጥቅልሎች በ20 ዲግሪ ሙቀት በቴስተር ሲለኩ ከ28 እስከ 33 ኦም ሊያሳዩ ይገባል። ጥቅልሉ እርስ በርሱ ተነካክቶ ኦሙ እጅግ ሲያንስ ግን፣ በኦም ሕግ መሠረት፣ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በዚያው ልክ ይበዛል። ሞተሯን የሚያዘው በሳጥኑ ውስጥ ያለው ዕቃም ይህን ሸክም አይችልምና ይቃጠላል። እንግዲህ የሞተው በሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ገዳዩ ግን ውጭ ነው ያለው። ቴስተር ይዞ ሁለት ደቂቃ ያልለካ ሰው ለዚህ ስንፍናው ሁለተኛ ዕቃ ይገዛል።

የማይነካው

ሁሉም ነገር በመበየጃ ብረት ይድናል ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። ዋናው የማሰቢያ ቺፕ ከነፕሮግራሙ ከተበላሸ በተራ ጥገና አይመለስም። ብዙ የዛሬ ሳጥኖች በሙጫ ወይም በጄል ተሞልተው የተደፈኑ በመሆናቸው ሳይጎዱ ለመክፈት ያስቸግራሉ። በአንጻሩ የሌላ መኪና ሳጥን ገዝቶ መግጠምም እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ በተሠሩ በብዙ መኪናዎች ሳጥኑና ቁልፉ በምስጢር ቁጥር የተሳሰሩ ናቸው፤ እንግዳ ሳጥን የባለቤቱን ቁልፍ አያውቅም። ይህም የገዛ ሳጥንን ማዳን ከመለወጥ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ነው።

የኤርባግና የፍሬን መቆጣጠሪያ ሳጥኖችን ግን በቂ ትምህርት የሌለው ሰው ሊነካ አይገባውም። የሞተሩ ሳጥን ጥገና ቢበላሽ መኪናዋ ትቆማለች፤ የፍሬኑ ሳጥን ጥገና ቢበላሽ ግን መኪናዋ ላትቆም ትችላለች። ልዩነቱ የሕይወት ነው።

እጅና ዕውቀት

በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ይህም ማለት በአገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪናዎች እየተጠገኑ መኖር አለባቸው ማለት ነው። የሚተካቸው የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ከቤንዚኑ የበለጠ እንጂ ያነሰ ኤሌክትሮኒክስ የለውም። በባትሪውም የሚገድል የብዙ መቶ ቮልት ኃይል ስላለ ያለ ዕውቀት የሚነካ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ በአሮጌ ሳጥን ላይ የሚለመደው የመለካት፣ የመመዝገብና የመጠንቀቅ ሥርዓት ነገ ለሌላው መኪና መግቢያ በር ነው።

በፊዚክስ ክፍል ተማሪዎች ስለ ካፓሲተር ይማራሉ፤ ቀመሩንም ሸምድደው ፈተና ያልፋሉ። ግን ስንቶቹ ናቸው አንዲት ካፓሲተር በእጃቸው ይዘው ያዩ? በሌላ በኩል ደግሞ እጁ የሠለጠነ፣ ሊዱን እንደ ሸማኔ ክር የሚያስተካክል፣ ግን የኦምን ሕግ ያልተማረ የጋራዥ ወጣት አለ። አንዱ ዕውቀት ይዞ እጅ አጥቷል፤ ሌላው እጅ ይዞ ዕውቀት አጥቷል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከመቶ ዓመት በፊት ባስነገሩት አዋጅ የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ስድቡ በአፍ ቢቀርም በልብ ያለው ንቀት ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ዲፕሎማ የያዘ ልጅ ጥቁር ዘይት የነካው እጅ ሲያይ ፊቱን የሚያዞርበት ጊዜ አሁንም አለ። የሁለቱ ወጣቶች መገናኛ ቦታ ያች የተከፈተች ሳጥን ናት።

መኪና ያለው አንባቢ ደግሞ መበየጃ ብረት መግዛት አያስፈልገውም። «ሳጥኑ ሞቷል» በተባለ ጊዜ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ የትኛው ዕቃ ነው የሞተው? በምን ተለክቶ ታወቀ? የገደለውስ ምንድር ነው? መልስ ያለው ሠራተኛ ሳጥኑን ከፍቶ በጣቱ ያሳየዋል። መልስ የሌለው ግን «ይህ ኮምፒውተር ነው፤ አይከፈትም» ይላል። ያን ጊዜ ባለ መኪናው ገንዘቡን ከኪሱ ሳያወጣ ሳጥኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ሌላው ሠራተኛ ይሂድ።